«ነይ» አልተቀዳም

ከብሔራዊ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ የሞተበት፣ ደረጃው የሚያሰቃይ፣
«የጥርስ ሕክምና» ታፔላው ያልተነሣ፣
ሐኪሙ ግን ሄዶ ወንበሩን የረሳ
አንድ ቢሮ አለ።

እዚያ ነው አቤኔዘር ትናንት የጠራኝ፤
«እትዬ ትርሲት፣ ጨዋታው ደረሰ፤ ማለቴ… ጅማሬው» አለኝ፤
«ይምጡና ይዩት።»
«አንቱ» ነው የሚለኝ፤ ነኝና የእናቱ እኩያ፤
በሩ ላይ ለጥፏል ማስጠንቀቂያ፦
«ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው።»
በአርባ ስድስት ዓመቴ ማንስ ሊመልሰኝ ነው?

ባለፈው ሐምሌ ነው ድምፄን የሸጥኩለት፤
ቁም ሳጥን ውስጥ ቆሜ፣ ብርድ ልብስ ተጥሎበት፣
ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከታች ጎማ ቤቱ ሲያርፍ፣
አርባ ሦስት ቃል አወጣሁ፣ አንድ በአንድ፣ በሰልፍ፦
ና። ቅረብ። አትፍራ። ምን ያስቸኩልሃል?
ዛሬ እዚሁ እደር። ልብህ ይሰማኛል።

ድምፄን እናንተም ታውቁታላችሁ።
ባንክ ቤት ወረቀት ቆርጣችሁ ስትቀመጡ
«ቁጥር መቶ አራት፣ ወደ መስኮት ሦስት» የምለው እኔ ነኝ።
በዚያው ልሳን ነው «ልብህ ይሰማኛል» ያልኩት፤
አቤኔዘር «ትንሽ ሞቅ ይበል» አለ፤
ሞቅ አደረግኩት።

ዛሬ የጥርስ ወንበሩ ላይ ነኝ፤ ወደኋላ ያዘነበለ።
ሻሼን ፈታሁ፤ መነጽሩ አፍንጫዬን ተጫነ፤
ዓለሙ ጠፋ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ዓለም አለ።
ክፍል ነው። መጋረጃው ቀይ። ከመስኮቱ ማዶ ስታዲየም፤
ስታዲየሙ ሰው የለበትም፣ ሰማዩ ደመና የለውም።

ከአልጋው ጫፍ ተነሣች።
በቁመት ትበልጠኛለች፤ ወገቧ በአንድ እጅ ይጨበጣል።
ገና ጅምር ናትና ጣት አልበቀለላትም፤
መብራቱ ሥር ትቆማለች፣ ጥላ የላትም።
የቀሚሷ ማሰሪያ ሲፈታ ጨርቁ አየር ላይ ቀረ፤
ከሥር ያለው ገላ ግራጫ፣
ልስን የሚጠብቅ ጅምር ሕንፃ ነበረ።

ከንፈሯ ተከፈተ።
ድምፄ ወጣ።
«ና» አለችኝ።

እኔን።
ዞሬ ከኋላዬ ወንድ ፈለግኩ።
«አትፍራ» አለች፤ እጇን ዘረጋች፤
በደረቴ ገብቶ በጀርባዬ ወጣ፤
ከእጇ ጋር የመጣ ምንም ነገር የለ፣ ሙቀትም አልመጣ።

ይሄ የኛ ቋንቋ መታወቂያ ሳያይ ሰው አያሳልፍም፤
ግሱ በር ላይ ቆሞ ሳይፈትሽ አንዲት ቃል አታልፍም።
አርባ ሦስቱን ቃላት በልቤ ቆጠርኩ፤
«ነይ» የለም። «ቅረቢ» የለም። «አትፍሪ» አላልኩ።
ወረቀቱ ላይ አልነበረማ።
እኔስ መቼ አሰብኩ!

«ነይ» የሚለኝ አንድ ሰው ነበር።
ማታ ስገባ፣ ከሶፋው ሳይነሣ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣
«ነይ እስቲ» ይልና እግሩን ይሰበስብልኛል።
ሰባት ዓመት ሆነው።
ወሬ አላስረዝምም።

«ልብህ ይሰማ—» ስትል
መብራት ሄደ።

አቤኔዘር በስልኩ እያበራ መጣ፣ ደብተር ይዞ፤
«ምን ጎድሎ አገኙበት?»
«ጣት» አልኩት። «ጥላ።»
«እሱን እናውቀዋለን» አለ፤ ቢሆንም ጻፈ። «ሌላስ?»
«‹ነይ› አልተቀዳም።»
እስክሪብቶው ቆመ።
«ሴት ትገዛዋለች ብለን… አላሰብንም ነበር፣ እትዬ»
አለ፤ በስልኩ ብርሃን እንኳ ጆሮው ሲቀላ አየሁት።
«ብርድ ልብሱ አለ?»
«አለ።»
«እንግዲያው መብራት ሲመጣ ደውልልኝ» አልኩት።

አራት ፎቅ በጨለማ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ፣
ጎማ ቤቱ ጋ ስደርስ ሻሼን መልሼ አሰርኩ።
ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ቆሞ ያጓራል፤
ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፦
«ግቢ! ግቢ! አንድ ሰው ነው የቀረው!»
ለሁለት በተሠራ ወንበር ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ።
«ጠጋ በይ» አለኝ።

ጠጋ አልኩ።